«ደህና ነኝ» ለሚሉ አባት፦ በፕሮቶን ጨረር ሕክምና ወቅት ምን እንመዝግብ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። የጠያቂዋ አባት 63 ዓመታቸው ነው። የጉሮሮ ካንሰር ተገኝቶባቸው በሚቀጥለው ሳምንት የፕሮቶን ጨረር ሕክምና ይጀምራሉ። በሳምንት 5 ቀን ለ7 ሳምንት፣ በድምሩ 35 ጊዜ ይታከማሉ። በየሳምንቱም ሲስፕላቲን የተባለው ኬሞቴራፒ አብሮ ይሰጣቸዋል። ሐኪማቸው «የሚሰማቸውን ሁሉ እየመዘገባችሁ አምጡ» ብሏል። ልጃቸው እንዲህ ትጠይቃለች፦ «ምኑን ልመዝግብ? የቱ ቀላል፣ የቱ አስጊ እንደሆነ አላውቅም። ፕሮቶን የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ሲባልም ሰምቻለሁ። አባቴን ምን ተሰማዎት ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ መልሳቸው ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው። እሳቸው ሳያውቁ ብመዘግብ ችግር አለው?»

ውድ ጠያቂ፣ መጀመሪያ «ፕሮቶን የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለውን እናንሳ። ይህን ወሬ አምነው የሚመጡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። አፋቸው ሲቆስል አንዳንዶቹ «ይሄ ከጨረሩ ሊሆን አይችልም» ብለው ዝም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሕክምናው ተበላሽቷል ብለው ይደነግጣሉ። ሁለቱም አላስፈላጊ ሥቃይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ኤክስሬይ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። ፕሮቶን ግን ክብደት ያለው ቅንጣት ነው። በሰውነት ውስጥ ሲሄድ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጉልበቱን ሊቆም ሲል ይለቅና እዚያው ይቆማል። ይህ የመጨረሻ ነጥብ «ብራግ ፒክ» ይባላል። ሮበርት ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ፊዚሲስት ይህን ጠባይ ለሕክምና እንጠቀምበት ብሎ የጻፈው በ1946 ነው። የመጀመሪያው ታካሚ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የታከመው በ1954 ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ከዕጢው ጀርባ ያለው ጤነኛ አካል ብዙ ጨረር ሳያገኘው ይተርፋል። ከዕጢው ፊት ያለውና ዕጢውን የከበበው ግን ድርሻውን ያገኛል። የጉሮሮ ዕጢ ከጉሮሮ ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ ሽፋኑን ሳይነኩ ዕጢውን ብቻ መምታት አይቻልም። ቆዳም እንዲሁ ነው። ኤክስሬይ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከቆዳ ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሆነ ለቆዳ ትንሽ ይራራል። ፕሮቶን ይህ ርኅራኄ ብዙም የለውም። የአንገት ቆዳ መቅላትና መላጥ በፕሮቶን እኩል፣ አንዳንዴም የባሰ ሊሆን ይችላል።

ጥቅሙ እውነት ነው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ጨረርና ኬሞቴራፒ አብረው የወሰዱ 1,483 ታካሚዎችን አነጻጽሯል። በ90 ቀን ውስጥ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በፕሮቶን ከታከሙት 11.5 በመቶ፣ በኤክስሬይ ከታከሙት 27.6 በመቶ ነበሩ። ታካሚዎቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ጉዳቱ ያንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ደብተሩ። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ መመዝገብ የሚጀምሩት ሕክምናው ሲጀመር አይደለም፤ ዛሬ ነው። አባትዎ ገና ምንም ሳይነካቸው።

ለምን ቢሉ፣ እኛ ሐኪሞች የጎንዮሽ ጉዳትን የምንለካው ከመነሻው ጋር እያስተያየን ስለሆነ ነው። በዓለም ዙሪያ የምንጠቀምበት መለኪያ ሲቲሲኤኢ ይባላል። ያዘጋጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ነው፤ 5ኛው እትም የወጣው በ2017 ነው። እያንዳንዱን ጉዳት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ቀላል ነው፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ፣ 4 ለሕይወት የሚያሰጋ፣ 5 ሞት። ብዙዎቹ ደረጃዎች ያለ መነሻ ትርጉም የላቸውም። ክብደትን ይውሰዱ። አባትዎ 72 ኪሎ ናቸው እንበል። 5 በመቶ ሲቀንሱ፣ ማለትም 3.6 ኪሎ፣ ደረጃ 1 ይሆናል። 10 በመቶ ሲደርስ፣ ማለትም 7.2 ኪሎ፣ ደረጃ 2። 72 መሆናቸውን ግን በመጀመሪያው ቀን የጻፈ ሰው ከሌለ በ4ኛው ሳምንት 67 ኪሎ ሲመዝኑ ማንም አይደነግጥም። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ዛሬ እነዚህን ይጻፉ። ክብደታቸውን ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ። አፋቸውን ምን ያህል መክፈት እንደሚችሉ፤ ከላይና ከታች የፊት ጥርሶች መካከል በማስመሪያ ይለኩ። ከ35 ሚሊሜትር በታች ሲሆን የመንጋጋ መተሳሰር እንለዋለን። ምን ዓይነት ምግብ ያለ ችግር እንደሚውጡ። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸው እንደሆነ። ጆሯቸው ይጮህ እንደሆነ። በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሚሄዱ። ሌሊት ስንቴ እንደሚነቁ። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ። ጥርሳቸው እስካሁን ካልታየ ከመጀመራቸው በፊት የጥርስ ሐኪም እንዲያያቸው ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ይህ የሚያድር ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የየቀኑ መዝገብ አጭር ይሁን። ሰው ሲደክመው ረጅም ቅጽ አይሞላም፤ የሚያስታምምም ቢሆን ይደክመዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አምስት መስመር ይበቃል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«3ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ። ክብደት 69.8። የጉሮሮ ሕመም ከ10 6፤ ማስታገሻ ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ 3። የበሉት ለስላሳ ነገር ብቻ፣ ግማሹን ተዉት። ፈሳሽ 6 ብርጭቆ። የአንገት ቆዳ በቀኝ በኩል ቀልቷል፣ አልተላጠም። ቀን ሁለት ሰዓት ተኙ።»

ይህን የመሰለ ማስታወሻ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሲገባ እውነቴን ነው ደስ ይለኛል። በ10 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ የ30 ደቂቃ ሥራ ይሠራል። «አፋቸውን ያማቸዋል» ከሚለው ይልቅ «ማስታገሻው 6ን ወደ 3 ያወርደዋል፣ ግን ከመብላታቸው በፊት አይወስዱትም» የሚለው መዝገብ የመፍትሔውን ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰዓቱን ማስተካከል ብቻ ነው የቀረን።

በስልክ መተግበሪያ ይሁን በደብተር፣ ለኔ ልዩነት የለውም። ሆስፒታሉ የራሱ መተግበሪያ ካለው እሱን ይጠቀሙ፤ መረጃው በቀጥታ ነርሷ ጋ ይደርሳል። የቆዳውን ፎቶ በሳምንት አንዴ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት ያንሱ።

«ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ በተመለከተ፣ አባትዎ ብቻቸውን አይደሉም። ታካሚዎች ከሐኪም ፊት ሲቀመጡ ሕመማቸውን ያሳንሳሉ። እኛም ስንጽፈው ይበልጥ እናሳንሰዋለን። ሐኪሙ የመዘገበውና ታካሚው ራሱ የሞላው ጎን ለጎን ሲታዩ የሐኪሙ ብዙ ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በተለይ ድካምና ማቅለሽለሽ የመሳሰሉት ዓይን የማያያቸው ነገሮች ያመልጡናል። ለዚህ ነው ታካሚው ራሱ የሚሞላው የሲቲሲኤኢ ቅጽ የተዘጋጀው። 78 የሕመም ስሜቶችን ይዟል፤ ሁሉም አይጠየቁም፣ ከሕክምናው ጋር የሚሄዱት ተመርጠው ነው። አጠያየቁን ልብ ይበሉ። «ደህና ነዎት?» አይልም። ባለፉት 7 ቀናት ምን ያህል ጊዜ ተሰማዎት፣ ሲብስ ምን ያህል ከባድ ነበር፣ ከዕለት ሥራዎ ምን ያህል አገደዎት ይላል።

እርስዎም እንዲሁ ይጠይቁ። «ተሻለዎት?» ለሚለው ጥያቄ «ደህና ነኝ» ተስማሚ መልስ ነው፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። «ትናንት የበሉትን ዛሬ መዋጥ ቻሉ?» ብለው ይጠይቁ። «ሌሊት ስንቴ ነቁ? ምን ቀሰቀሰዎት?» ይበሉ። ቁጥር የሚጠይቅ ጥያቄ «ደህና ነኝ» ተብሎ አይታለፍም።

መጠየቁ በራሱ ሕክምና መሆኑን የሚያሳይ ሥራም አለ። በኬሞቴራፒ ላይ የነበሩ፣ ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ምልክቶቹን በኮምፒውተር በየጊዜው ይሞላ ነበር፤ የከፋ ነገር ሲገባ ነርሷ መልእክት ይደርሳታል። ሌላው ወገን በተለመደው መንገድ ቀጠለ። በ2017 የታተመው ውጤት ሲታይ ከመጀመሪያው ወገን ግማሾቹ ከ31.2 ወር በላይ፣ ከሁለተኛው ግማሾቹ ከ26 ወር በላይ ኖሩ። ፕሮቶን ላይ የተሠራ አይደለም፤ የአባትዎ ካንሰርም ዓይነቱ ሌላ ነው። ግን አንድ ደብተር ምን ሊሠራ እንደሚችል ካየሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ የለም።

አሁን ደግሞ ፕሮቶንን ልዩ ወደሚያደርገው ነገር ልምጣ። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም።

ፕሮቶን የት እንደሚቆም የሚወስነው በመንገዱ ላይ ያለው ነገር ነው። የሚቆምበት ቦታ የተሰላው ከሕክምናው በፊት በተነሳው ሲቲ ስካን ላይ ነው። የዚያን ቀን አንገታቸው ያን ያህል ይወፍር ነበር፤ በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት ክፍተቶች አየር ነበራቸው። በ4ኛው ሳምንት አባትዎ ቢከሱ ፕሮቶኑ የሚያልፍበት ሥጋ ይሳሳል፤ ጨረሩ ከታሰበለት አልፎ ይሄዳል። አየር የነበረበት ክፍተት በንፍጥ ቢሞላ ደግሞ ሳይደርስ ይቆማል። ኤክስሬይም በእንዲህ ዓይነት ለውጥ ይነካል፤ ግን ያን ያህል አይደለም። በፕሮቶን ጥቂት ሚሊሜትር ብዙ ነው፤ ከዕጢው ጀርባ ምራቅ አመንጪ ዕጢ ወይም ሕብለ ሰረሰር ሊኖር ይችላል።

ገባዎት? የጎንዮሽ ጉዳቱ ሕክምናውን ራሱን ይቀይረዋል። አፍ ይቆስላል፣ ሰውየው መብላት ያቆማል፣ ይከሳል፣ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ለዚህ ነው በሕክምናው መሀል ሲቲ ስካን ደግመን የምናነሳው፤ አስፈላጊ ሲሆንም ዕቅዱን እንደገና የምንሠራው።

አንድ ታካሚ ነበሩኝ፤ መምህር ናቸው። በየሳምንቱ ስጠይቃቸው «ምንም አልል» ይሉኛል። በ4ኛው ሳምንት ባለቤታቸው ኮሪደር ላይ አገኙኝና «አሁንማ ጭምብሉ ተመችቷቸዋል፣ እንደ መጀመሪያው አያስጨንቃቸውም» አሉኝ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። በሕክምናው ጊዜ ጭንቅላትና አንገትን አጥብቆ የሚይዘው የፕላስቲክ ጭምብል ተመቸ ማለት ፊታቸው ከስቷል ማለት ነው። 6 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ክብደቱ በአንዱ ክፍል ተመዝኖ ተጽፏል፤ በሌላው ክፍል ያነበበው ሰው አልነበረም። ያላነበብኩት እኔም ነኝ። በማግስቱ ሲቲ ተነሳ፣ ዕቅዱ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቤተሰብ ስለ ጭምብሉ ሳልጠይቅ አላሰናብትም።

ስለዚህ ደብተርዎ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ጭምብሉ ጠበቀ፣ ላላ ወይስ እንደነበረ ነው? ጉንፋን ይዟቸዋል፣ አፍንጫቸው ታፍኗል? ጢማቸውን ተላጭተዋል ወይስ አሳድገዋል? ቅባትም እንዲሁ። ከሕክምናው በፊት ቆዳ ላይ በወፍራሙ የተቀባ ነገር ጨረሩ የሚያልፍበትን ውፍረት ይጨምራል። ምን፣ መቼ እንደሚቀቡ ነርሷን ይጠይቁና እሱንም ይመዝግቡት።

የጊዜውን ነገር በግምት ላስቀምጥልዎ። ጣዕም መጥፋት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል። የአፍና የጉሮሮ ቁስል፣ የቆዳ መቅላት በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ይመጣል። ድካሙ ቀስ እያለ ይከማቻል። በጣም የሚከፋው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መባሱ የተለመደ ነው። ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው። «አለቀ» ብለው እፎይ ባሉበት ሳምንት ሲብስባቸው ተስፋ እንዳይቆርጡ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፤ ኬሞ ላይ ስላሉ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ። ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ወይም የሚያንኮራፋ ድምፅ፣ የመተንፈስ ችግር፣ ከአፍ ወይም ከጉሮሮ የሚመጣ ትኩስ ደም፣ የአእምሮ ግርታ፤ እነዚህ ሲታዩ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ መዋጥ ካልቻሉ፣ ሽንታቸው ካነሰና ከጠቆረ በዚያው ቀን ይደውሉ። ሲስፕላቲን ኩላሊትን የሚጎዳው በተለይ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ነው። አዲስ የጆሮ ጩኸት ወይም የመስማት መቀነስ ከሚቀጥለው የኬሞ መርፌ በፊት መነገር አለበት፤ ከተሰጠ በኋላ መናገሩ ዘግይቷል። ውሃ ሲጠጡ በተደጋጋሚ ትን የሚላቸው ከሆነ ፈሳሹ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላልና ይህንንም አያሳድሩ።

ደብተሩ በ35ኛው የሕክምና ቀን አይዘጋም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የጨረር ጉዳት ሁለት ዘር አለው። ቶሎ የሚመጣው ቶሎ ይሄዳል። ዘግይቶ የሚመጣው ግን ከወራት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ማንም ከጨረሩ ጋር አያገናኘውም። በአንገት ላይ ጨረር ካለፈ የታይሮይድ ዕጢ ቀስ በቀስ ሊዳከም ይችላል። ድካም፣ ብርድ መፍራት፣ መወፈር ይመጣል፤ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቀላል የደም ምርመራ ያሳየዋል፤ በየ6 እስከ 12 ወሩ አንዴ መታየት አለበት። አንገትን ወደ ፊት ሲያጎነብሱ በጀርባ በኩል ኤሌክትሪክ የመሰለ ንዝረት ከወራት በኋላ ሊሰማ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ግን ለሐኪሙ ይነገር። የአፍ መክፈቻውን በማስመሪያ መለካት በወር አንዴ ይቀጥሉ። ጥርስ ለማስነቀል የሄዱ ዕለት ደግሞ፣ 10 ዓመት ቢያልፍም እንኳን፣ መንጋጋዬ ጨረር አግኝቶታል ብለው ለጥርስ ሐኪሙ መንገር አለባቸው። ጨረር ያገኘው አጥንት ቁስሉ ላይድን ይችላል።

ሌላ ቦታ ላይ ፕሮቶን የሚወስዱ ሰዎችም ይህን ሊያነቡ ይችላሉና በአጭሩ፦ ደረት ላይ ከሆነ ካለቀ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ የሚመጣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ ፕሮስቴት ላይ ከሆነ ወራትና ዓመታት ቆይቶ የሚታይ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ጭንቅላት ላይ ከሆነ የራስ ምታት፣ የማስታወስ ለውጥና የሆርሞን መጓደል ይጻፉ። ለሕፃናት ቁመትና የትምህርት ቤት ውጤት ራሳቸው መዝገብ ናቸው።

ሆስፒታሉ ለምን ይህን ሁሉ መረጃ ይፈልጋል ብለውም ይሆናል። መጠኑን ስናሰላ ፕሮቶን ከኤክስሬይ 1.1 እጥፍ ኃይል እንዳለው አድርገን ነው። በሚቆምበት ጫፍ ላይ ግን ኃይሉ ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችል ከቤተ ሙከራ ሥራ እናውቃለን። ያ ልዩነት በሰው ላይ ምን ያደርጋል የሚለው የሚታወቀው ጉዳቱ የደረሰበት ቦታና ጨረሩ ያረፈበት ካርታ ሲገጣጠሙ ነው። ካርታው እኛ ጋ አለ። ሌላው ግማሽ አባትዎ ጋ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ሳያውቁ ስለመመዝገብ። አያድርጉት። በድብቅ የተጻፈ መዝገብ የእርስዎ ግምት እንጂ የእሳቸው ስሜት አይደለም፤ አንድ ቀን ሲያገኙት ደግሞ ይበልጥ ይደብቁዎታል። ደብተሩ የእሳቸው ይሁን። እስክሪብቶውን እሳቸው ይያዙ፤ ሲደክማቸው እሳቸው እየነገሩዎት እርስዎ ይጻፉ። እምቢ ካሉ ስለ ሕመም አያውሩላቸው። ብዙ አባቶች ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ነው ዝም የሚሉት። ስለ ማሽኑ ይንገሯቸው። «አባዬ፣ ጨረሩ የሚቆመው ሰውነትዎን አይቶ ነው። ሰውነትዎ ሲለወጥ እነሱ ካላወቁ ዕጢውን ሊስቱት ይችላሉ። ስለዚህ ይህን የሚጽፉት ለኔ አይደለም፣ ለሚያነጣጥሩት ሰዎች ነው» ይበሏቸው። እኔ ለታካሚዎቼ የምለው ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ ደብተሩን ከእጄ ይቀበሉኛል።